አፉን ተዉለት፣ ወለሉን እዩለት

(ደሴ ላይ ለወላጆችና ለሕፃናት ተንከባካቢዎች የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል።)

እንዴት ዋላችሁ።

ልጅ ያዘላችሁ ወደ ፊት ቅረቡ። ቢያለቅሱም ቢንጫጩም እኔን አይረብሹኝም፤ የዛሬው ጉዳይ የእነሱ ነው።

በጥያቄ ልጀምር። ዛሬ ጠዋት ልጃችሁ አፍ ውስጥ ምን አገኛችሁ? (ከአዳራሹ የመጡትን መልሶች እንዳሉ አስቀምጣለሁ።) የቻርጀር ገመድ። የታላቅ ወንድሙ ካልሲ። የአያቱ ሙስበሃ። የሪሞት ክዳን። አንዲት እናት ደግሞ «የኔን አገጭ» ብለው አሳቁን። ሁለተኛው ጥያቄ፦ ታዲያ ምን አላችሁት? እዚህ ላይ አዳራሹ በአንድ ድምፅ «ካካ ነው! ትፋው!» አለ።

እኔ ዛሬ የመጣሁት ከዚህ «ትፋው» ጋር ልሟገት ነው። ልጁ ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ የሚከተው ስለራበው አይደለም፤ ስለባለገም አይደለም፤ ድዱን ስለበላው ብቻም አይደለም። እየመረመረ ነው። ስለዚህ የእኛ ሥራ አፉን መዝጋት ሳይሆን እጁ የሚደርስበትን ነገር መምረጥ ነው። እዚህ አገር ደግሞ ወለሉ ባጠፋው አፉ ሲቀጣ ኖሯል፤ ወደዚያ እመጣለሁ፣ ዋናው ነገሬም እሱ ነው።

መጀመሪያ ግን አፍ ለምን ቀደመ?

ፅንስ በእናቱ ማሕፀን ውስጥ ሳለ ገና በ15ኛው ሳምንት አካባቢ አውራ ጣቱን ሲጠባ በአልትራሳውንድ ይታያል። የሽርት ውሃውንም ይውጣል፤ መወለጃው ሲቃረብ በቀን ከግማሽ ሊትር ያላነሰ ይውጣል። ያ ውሃ ደግሞ ጣዕም አልባ አይደለም። እናቲቱ የበላችው ነጭ ሽንኩርት የሽርት ውሃውን ጠረን እንደሚለውጠው በ1995 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አሳይቷል። በ2001 እ.ኤ.አ. ደግሞ ተመራማሪዎች አንዳንድ እናቶችን በእርግዝናቸው መጨረሻ፣ አንዳንዶቹን በማጥባት ጊዜያቸው የካሮት ጭማቂ እንዲጠጡ አደረጉ። ከወራት በኋላ ልጆቹ ካሮት የገባበት ምግብ ሲቀርብላቸው ካሮትን ካልለመዱት ልጆች ያነሰ ፊታቸውን አጨፈገጉ። የእኛ እናቶች ይህን ለማመን ካሮት አያስፈልጋቸውም፤ አብሽ አለ። ነፍሰ ጡሯ ምጧ ሲቃረብ አብሽ ከጠጣች አራሱ ልጅ ራሱ አብሽ አብሽ ሊሸት እንደሚችል ሐኪሞች መዝግበዋል። ልጁ የቤቱን ቅመም በሩቁ ተዋውቆ ነው የሚመጣው።

ሲወለድስ? ዓይኑ አጥርቶ የሚያየው ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ያለውን ብቻ ነው፤ ከጡት እስከ እናቱ ፊት ማለት ነው። እጁ ያሰበውን ዕቃ ለመያዝ ገና ሦስትና አራት ወር ይቀረዋል። አፉ ግን ለሥራ ተዘጋጅቶ ነው የወጣው። ጉንጩን በጣታችሁ ዳሰስ ብታደርጉት ዞሮ ጣታችሁን ይፈልጋል። መጥባትን፣ መዋጥንና መተንፈስን አቀናጅቶ መሥራት የሚጀምረው በ34ኛው ሳምንት አካባቢ ነው፤ ያለጊዜያቸው የሚወለዱ ልጆች በቱቦ የሚመገቡትም ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ደሴ ብርድ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ከጦሳ የሚወርደውን ነፋስ ፈርተን አራሱን እጁን ጭምር ጠቅልለን እናስቀምጠዋለን፤ ካልጠቀለልነውም ጓንት እናጠልቅለታለን። ውጭ ስትወጡ እሺ። ቤት ውስጥ ሞቅ ካለው ግን እጁን ፍቱለት፤ ጡጫውን ይላስ። የራሱ እጅ የራሱ መሆኑን የሚያውቀው እንዲያ ነው፤ ሲልሰው እጁም ይሰማዋል፣ ምላሱም ይሰማዋል፣ የእናቱን ጣት ሲልስ ግን ምላሱ ብቻ ነው የሚሰማው።

ስለ አንጎል አብዝቼ አላሰለቻችሁም። ካናዳ ሞንትሪያል ውስጥ ዊልደር ፔንፊልድ የሚባል የአንጎል ቀዶ ሐኪም ነበር። ሕመምተኞቹ ነቅተው እያሉ፣ የአንጎላቸውን ገጽ በጥቂት ኤሌክትሪክ እየነካ «የት ተሰማህ?» ይላቸው ነበር። በ1937 እ.ኤ.አ. ከባልደረባው ጋር ያወጣው ካርታ የሰውን አካል ባልተለመደ መልክ አሳየ፦ ጀርባና እግር ጠባብ ቦታ ይዘው፣ ከንፈር፣ ምላስና እጅ ግን ሰፊውን ተቀራምተውታል። ሰው በአፉ የሚያውቀው ነገር ከጀርባው ይልቅ እጅግ ይበዛል። ባቲ ሰኞ ገበያ ማሽላ የሚሸምት ገበሬ ጥሬውን ከጆንያው ቆንጥሮ ጥርሱ ላይ ጣል አድርጎ ቀጭ ሲያደርገው አይታችኋል፤ ድርቀቱን የሚያውቀው በዚያ ነው፣ «ካካ ነው ትፋው» የሚለው ግን የለም።

ልጅ በአፉ ያወቀውን በዓይኑ ይለየዋል ወይ የሚለው ጥያቄ ተመራማሪዎችን አከራክሯል። በ1979 እ.ኤ.አ. ሜልትዞፍና ቦርተን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ዕድሜያቸው አንድ ወር ገደማ የሆኑ ሕፃናትን አመጡ። ለአንዱ ልጅ ለስላሳ ድቡልቡል፣ ለሌላው ጎርበጥባጣ የጡጦ ጫፍ የመሰለ ነገር አፉ ውስጥ አደረጉለት፤ ሳያየው እንዲጠባው ነው። ከዚያ ሁለቱንም ቅርጾች አሳዩት። ልጆቹ አፋቸው ውስጥ የነበረውን ረዘም አድርገው ተመለከቱ። ይህ ሙከራ እስከ ዛሬ በየመማሪያ መጽሐፉ ይጠቀሳል። በ1999 እ.ኤ.አ. ግን ሌሎች ሙከራውን ደግመውት ያንኑ ውጤት አላገኙም። ስለዚህ በእሱ ብቻ መማል አይገባም። እኔ ይበልጥ የምደገፈው ኤሊኖር ጊብሰንና አርሊን ዎከር በ1984 እ.ኤ.አ. ባወጡት ላይ ነው፤ እነሱ ለአንድ ወር ልጆች ጠንካራና ለስላሳ ነገር አፋቸው ውስጥ ሰጥተው፣ ኋላ የማይተጣጠፍና የሚተጣጠፍ ነገር ሲያሳዩአቸው ልዩነቱ በአተያያቸው ታይቷል። የልጆችን አስተሳሰብ ያጠናው ስዊዘርላንዳዊው ዣን ፒያዤም ከዚያ ቀደም ብሎ የገዛ ሦስት ልጆቹን ከመዳኻቸው በፊት ጀምሮ እየተከታተለ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት በስሜት ሕዋሳትና በእንቅስቃሴ የሚታሰብበት ዘመን ብሎ ጠርቷቸዋል።

ላቦራቶሪ አያስፈልጋችሁም፤ ማማሰያ ይበቃል። ሰባት ወር የሞላው፣ ትራስ ተደግፎ የሚቀመጥ ልጅ ፊት ታጥቦ የደረቀ የእንጨት ማማሰያ አስቀምጡና እጃችሁን ሰብስባችሁ ተመልከቱ። መጀመሪያ በእጁ ይመታዋል። ይይዘውና ወደ አፉ ይወስደዋል፤ አገጩን ይስታል፣ ይመልሰዋል። ከንፈሩ ሲነካው ይቆማል። ምላሱን አውጥቶ ዳር ዳሩን ይዳስሰዋል። አሁን ለይታችሁ እዩ፦ ከአፉ ያወጣውና ያየዋል። ያገላብጠዋል፣ በሌላው እጁ ይቀበለዋል፣ ደግሞ በሌላው ጫፉ ይከተዋል። የሚበላ ልጅ እንዲህ አያደርግም፤ የሚበላ ልጅ ያላምጣል፣ ይውጣል። ይህ ግን አፍ፣ ዓይን፣ እጅ፣ ደግሞ አፍ ነው። ወዲያው የብረት ማንኪያ ስጡት። ቅዝቃዜው ፊቱን ይለውጠዋል። እንጨቱን ካላመጠበት በተለየ መንገድ ነው የሚይዘው፤ ድዱን ያሳርፍበትና ይተወዋል። ለሀጩ ማንም ሳይነግረው ደረቱን ያረጥበዋል፤ መሐረብ አዘጋጁ።

አንቀልባ ላይ ያለ ልጅም ሥራ አይፈታም። የእናቱን ነጠላ ጥለት፣ የአንቀልባውን ጠፍር፣ ፀጉሯን። እኛ ጋ ማተብ የታሰረለትም፣ ክታብ ያንጠለጠለውም ጎረቤታሞች ናቸው፤ ሁለቱም ደግሞ ያገኙትን ያላምጣሉ። በነገራችን ላይ የሁለቱንም ክር እያጠባችሁ ለውጡ፤ ማታ ሲተኛ ደግሞ አንገቱ ላይ የሚጠብቅ ክር እንዳይኖር።

አፍ ለንግግርም ያገለግላል። በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ሕፃናት ዕቃ አፋቸው ውስጥ ይዘው ድምፅ ሲያወጡ፣ ከንፈርና ምላስ የሚሠራባቸው ድምፆች በዝተው እንደሚሰሙ አሳይቷል። ማንኪያውን አፉ ላይ አድርጎ «አአአ» የሚለው ልጅ፣ ከንፈሩ ሲገጥምበት «ባባባ»፣ «ማማማ» ይሆንለታል። ያኔ ሥራ ላይ ነውና ማንኪያውን አትንጠቁት፤ ይልቅ «ባባባ» ብላችሁ መልሱለት።

አሁን ዋናው ነገሬ ወዳልሁት፣ ወለሉ ባጠፋው አፉ ወደሚቀጣበት ነገር ልምጣ። ወደ ግግ።

ስድስት ወር ላይ ምን ይሆናል? በርካታ ነገር በአንድ ጊዜ ይሆናል። የታችኞቹ የፊት ጥርሶች ይመጣሉ። ልጁ ተጨማሪ ምግብ ይጀምራል። ከእናቱ ይዞት የመጣው የመከላከያ አቅም ይሳሳል። መቀመጥ፣ ብዙም ሳይቆይ መዳኽ ይጀምራል። ዕቃ አፉ ውስጥ መክተቱ ጣራ የሚነካውም ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር ባለው ጊዜ ነው። በዚሁ ወቅት ተቅማጥ ይይዘዋል። አያት መጥተው አፉን ከፍተው ያያሉ፤ ድዱ ላይ ነጣ ያለ እብጠት አለ። «ግግ ነው» ይባላል። ይቧጠጣል። በስለት፣ ባልተቀቀለ ብረት፣ ዱሮ በጥፍርም። እብጠቱ ግን በሽታ አይደለም፤ ገና ያልወጣ የወተት ጥርስ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ የውሻ ክራንቻው። እሱን መቧጠጥ ደም ያፈሳል፣ መርዝ ይከታል፣ ቴታነስ ያመጣል፤ ከሥሩ የተቀመጠውን ቋሚ ጥርስም ሊያበላሸው ይችላል። እንጥል ማስቆረጥም ከዚሁ ወገን ነው።

«ግን እኮ ከተቧጠጠ በኋላ ተቅማጡ ቆመ» የሚል ሁልጊዜ አለ። ቆሟል፤ አልካድሁም። ብዙው የልጅ ተቅማጥ በጥቂት ቀናት ውስጥ በራሱ ይቆማል። ሰው ልጁን ወደ ባለግጉ የሚወስደው ደግሞ ተቅማጡ ሦስትና አራት ቀን ከቆየ በኋላ ነው፤ በሽታው ሊሄድ ሲል ባለግጉ ደረሰና ምስጋናውን ወሰደ። የሚገባው ሕክምና ርካሽ ነው፤ ጡቱን ሳያቋርጡ ኦአርኤስ መስጠት፣ ከስድስት ወር በላይ ለሆነው በቀን 20 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ በታች ላለው 10 ሚሊ ግራም ዚንክ ከ10 እስከ 14 ቀን። ጤና ኬላ ጠይቁ። ደም ካለበት፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ መጥባት እምቢ ካለ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሐኪም።

እንግዲህ ጥፋተኛው ማን ነው? ወለሉ ነው። ልጁ በእጁ የነካው አፉ ይገባል፤ በእጁ የሚነካው ደግሞ እኛ የረገጥነው፣ ዶሮ ኩስ የጣለበት፣ በእበት የተለቀለቀ መሬት ነው። ዚምባብዌ ገጠር ውስጥ ተመራማሪዎች ከሕፃናት አጠገብ ለሰዓታት ተቀምጠው የሚልሱትን ሲመዘግቡ፣ አፈርና የዶሮ ኩስ አፋቸው ሲገባ በዓይናቸው አይተዋል። ከዚያ በዚያው አገር ሰፊ ሙከራ ተደረገ፤ ለቤተሰቦች መፀዳጃ ቤት፣ የእጅ መታጠቢያ፣ ለልጁ ደግሞ ንጹሕ የመጫወቻ ምንጣፍ ተሰጠ። በ2019 እ.ኤ.አ. ውጤቱ ሲወጣ ተቅማጡም አልቀነሰ፣ የልጆቹ ቁመትም አልጨመረ። ይህን የምነግራችሁ ተስፋ ላስቆርጣችሁ አይደለም፤ ምንጣፍ አንጥፎ ዶሮው ቤት ውስጥ ሲያድር ነገሩ እንደማይለወጥ እንድናውቅ ነው። ዶሮው ውጭ ይደር፤ ቆጥ ይሠራለት። የልጁ ቦታ ተጠርጎ ይለይ፤ ሰሌን ወይም ጅባ ከሆነ በየጊዜው ፀሐይ ይሰጥ። የልጁ እጅ በሳሙና ይታጠብ፤ የሚታጠበው ደግሞ ከምግብ በፊት ብቻ አይደለም፣ ከዳኸ በኋላ።

አሁን ፈጽሞ አፉ መግባት የሌለበትን እነግራችኋለሁ። እዚህ ላይ እኔም «ትፋው» ባዮች ጋር ነኝ።

የቡና ሥርዓታችን ውስጥ ለዳዴ ባዩ ልጅ አደገኛው ነገር ጀበናውና ከሰሉ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ፈንድሻው ነው። ቄጤማው ላይ ይበተናል፣ ማንም አይለቅመውም፣ ልጁ ይለቅመዋል። ፈንድሻ፣ ቆሎ፣ ሙሉ ኦቾሎኒ አራት ዓመት ላልሞላው ልጅ አይሰጥም፤ ትንታ ሳይሆን ትንፋሽ ነው የሚዘጋው። አቦሉ ሳይቀዳ ልጁ ከቄጤማው ይነሳ። የሪሞትና የአሻንጉሊት ክብ ትንሽ ባትሪ ሌላው ነው፤ ጉሮሮ ላይ ከተቀረቀረ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሥጋውን ማቃጠል ይችላል። እንደዋጠ ከተጠራጠራችሁ «ነገ በካካው ይወጣል» የሚባል ነገር የለም፤ በቀጥታ ሆስፒታል። ደግሞ በረኪናና ነጭ ጋዝ በሃይላንድ ማስቀመጥ ተዉ። ልጁ ሃይላንድ የሚያውቀው የውሃ ዕቃ አድርጎ ነው። ከጠጣም አታስመልሱት፤ በረኪናው ሲመለስ ዳግም ያቃጥላል፣ ጋዙ ሲመለስ ሳንባ ይገባል። ማር፣ አንድ ዓመት እስኪሞላው፣ ይቆይለት። ዓይኑ ላይ የሚኳለው ኩልም እርሳስ ሊኖረው ይችላል፤ ልጁ ዓይኑን ያሻል፣ እጁን ይልሳል።

ማቅለሽለሽና መታነቅ ደግሞ አንድ አይደሉም። የሕፃን የማስመለስ ስሜት ከእኛ ይልቅ ወደ ምላሱ ፊት የቀረበ ነው፤ ማንኪያው ትንሽ ሲገባ «ኧክ» ይላል፣ ፊቱ ይቀላል፣ ድምፅ አለው። ይህ መከላከያው ነው፤ ተዉት። የታነቀ ልጅ ግን ድምፅ የለውም፤ ማሳልም ማልቀስም አይችልም። ያኔ ዓመት ያልሞላው ከሆነ ክንዳችሁ ላይ በሆዱ አስተኝታችሁ፣ ራሱን ዝቅ አድርጋችሁ፣ በትከሻዎቹ መካከል በመዳፍ አምስት ጊዜ ምቱት፤ ካልወጣ ገልብጣችሁ ደረቱን በሁለት ጣት አምስት ጊዜ ጫን ጫን፤ እየተፈራረቀ እስኪወጣ። ሰው ወደ ሐኪም ስልክ ይደውል። የማይታያችሁን ነገር በጣት ለማውጣት አትሞክሩ፤ ወደ ውስጥ ትገፉታላችሁ።

ከዓመት በኋላ የአፍ ምርመራው እየቀነሰ ይሄዳል፤ እጅና ዓይን ሥራውን ይረከባሉ። ወፌ ቆመች ያላችሁለት ልጅ ከማላመጥ ይልቅ መወርወርን ይመርጣል። ሁለት ዓመት አልፎት አሁንም ግድግዳ እየፈረፈረ አፈር የሚበላ፣ ከሰል የሚቆረጥም ልጅ ካለ ግን ያ ሌላ ነገር ነው፤ ደም ማነስና የብረት እጥረት ሊሆን ስለሚችል አታስፈራሩት፣ ደሙን አስመርምሩለት።

ከጥያቄዎቹ ሁለቱን እዚህ አስፍሬያለሁ።

አንዲት አያት፦ «ልጄ፣ እኛ ዘጠኝ አሳድገን ሁሉም አፈር በልተው ነው ያደጉት። ምን ሆኑ?»

እማማ፣ ያደጉት እዚህ አሉ፤ ያላደጉት ስለሌሉ አንጠይቃቸውም። ከዘጠኙ በፊትና በኋላ የተወለዱትን እርስዎ ያውቃሉ። (አያቲቱ አንገታቸውን ነቀነቁ፤ ሌላ አልጨመሩም።)

አንድ አባት፦ «የእኔ ልጅ አራት ዓመት ሊሞላው ነው፣ አውራ ጣቱን ይጠባል። ሬት እንቀባው ብላኛለች እናቱ።»

ሬቱን ተዉት፣ በርበሬውን ደግሞ ጨርሶ፤ ዓይኑን ያሽበታል። አብዛኞቹ ልጆች ከሁለት እስከ አራት ዓመት ባለው ይተዉታል። መቼ እንደሚጠባ ተከታተለው፦ እንቅልፍ ሲመጣ ነው? ቴሌቪዥን ፊት ነው? ታናሽ ተወልዶበት ነው? ያንን ካወቅህ በዚያች ሰዓት ለእጁ ሥራ ስጠው፤ ማታ ከሆነ እጁን ይዘህ ተረት ንገረው። ቋሚ ጥርሱ ስድስት ዓመት ገደማ ብቅ ሲል አሁንም የሚጠባ ከሆነ የጥርስ ሐኪም ይየው።